በእታለም አፍ ተምረን ሳናይ የቀረነው

የጥርስ ክሊኒካችን የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ፣ ሁላችንም «እታለም» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን፣ በምላስ ካንሰር ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የክሊኒኩ አስተዳደርና መላው ሠራተኛ የተሰማንን መሪር ሐዘን ስንገልጽ፣ በሞታቸው ያለብንን ጥፋትም አብረን እንገልጻለን። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «በድንገት» የሚል ቃል አስገብተን ነበር። አውጥተነዋል፤ ሕመማቸው ያደገው በእኛው ወንበር ላይ፣ በእኛው መብራት ሥር ነውና።

እታለም ክሊኒኩ ከተከፈተበት ዓመት ጀምሮ በሩ ላይ ነበሩ። ጉንጩ አብጦ የመጣ ታካሚ ከሐኪሙ በፊት የሚያገኘው እርሳቸውን ነው። መርፌ ፈርቶ ከደጅ ለሚመለስ ሰው «ና እንጂ! እኔ እዚህ ስውል ስከርም መቼ ነከሱኝ?» ይሉ ነበር። በዚህ ቀልድ ስንቱ ፈሪ ተመልሶ ታክሟል።

ዲጂታል ስካነሩ በገባበት ዓመት ያደረጉልን ከሁሉም ይበልጣል። እስከዚያ ድረስ የጥርስ ልክ የምንወስደው ሊጥ የመሰለ ነገር አፍ ውስጥ ሞልተን፣ ታካሚውን እያቅለሸለሸው ነበር። አዲሱ መሣሪያ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ካሜራ ነው፤ በጥርሶቹ ላይ ሲያልፍ መልካቸው ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ታካሚ ላይ ከመሞከራችን በፊት ግን መለማመጃ አፍ አስፈለገን። እታለም «ሲያወራ ከሚውል ለቁም ነገር ይዋል» ብለው ወንበሩ ላይ ወጡ። ሐኪሞቻችን በሙሉ፣ በኋላ የተቀጠሩትም ጭምር፣ እጃቸውን ያፍታቱት በእርሳቸው አፍ ነው።

ባለፈው ዓመት «እዚህ ጎኑ ላይ ምላሴን ይቆረቁረኛል» ማለት ጀመሩ።

በስካነር ለሚሠራ ሰው ምላስ እንቅፋት ነው። በመስታወት ገፋ አድርገን እንይዘዋለን፤ አምልጦ ምስሉ ውስጥ ከገባም ፕሮግራሙ ራሱ ቆርጦ ያወጣዋል፤ የተረፈውን እኛ እናጠፋዋለን። እታለም በነገሩን ቁጥርም ያደረግነው ይኸው ነበር፤ ምላሳቸውን የሚጭር ሹል ጥርስ ካለ ብለን እንደገና ስካን ማድረግ። ምስሉን እያዞርን፣ እያጎላን ተመለከትን። አንዲት ስንጥቅ እንኳ አላገኘንም። «አያስቡ፣ ጥርስዎ ዕንቁ ነው» አልናቸው፤ እርሳቸውም ስቀው ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ።

ምላሳቸውን በጨርቅ ይዞ ጎኑን ያየ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። ይህ ትምህርት ቤት ሳለን መጀመሪያ የተማርነው ምርመራ ነው። አዲስ ዕቃ እጃችን ገብቶ ልባችንን ስለወሰደው ተውነው። ቁስሉን ያየላቸው ለጉንፋን የሄዱበት ጤና ጣቢያ ሐኪም ነው፤ ያውም በእጅ ባትሪ። ያን ጊዜ ሕመሙ ወደ አንገታቸው ወርዶ ነበር። በማሽኑ ልናሳብብ አንችልም፤ እርሱ ጥርስ እንዲያይ ተሠራ፣ ጥርስ አየ። ሰውን ማየት የእኛ ፈንታ ነበር።

ከእንግዲህ ስካነሩ ከመነሣቱ በፊት የእያንዳንዱ ታካሚ ምላስ፣ ጉንጭና ላንቃ በዓይንና በጣት ይመረመራል። አሠራሩን በእታለም ስም ልንሰይመው አስበን፣ ድሮም ግዴታችን የነበረን ነገር መታሰቢያ ብሎ መስጠት አሳፍሮን ትተነዋል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለእህት ወንድሞቻቸውና በየቀኑ ስማቸውን እየጠሩ ለሚገቡ ታካሚዎቻችን ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ምኞት ቀላል ነው፤ ማጽናናቱ ግን አልሆነልንም። ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው ወደ ክሊኒኩ መጥታ ነበር። ማንም ተራዋን ሳይጠራ ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ «እኔንም እዩኝ» ብላ ምላሷን አወጣች። ጎኑን፣ ሥሩን፣ ጉንጯን በሙሉ አየን። ምንም የለም አልናት። «እርግጠኛ ናችሁ?» አለችን። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሐኪሞች ነን። አዎ ለማለት የደፈረ አልነበረም፤ ወደ ሌላ ሐኪም ላክናት።