በአራት የተቆረጠው ልብ ወለድ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣ ለእናቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? እንቅልፍሽስ? ያ ብርድ ሲነካው የሚያምሽ ጆሮሽ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም። እማዬም ደህና ናት፤ ብቻ ድምፅሽን ካልሰማች እህል አልወርድ እያላት በደወልኩ ቁጥር የምትጠይቀኝ ስላንቺ ነው። እኔም ፈተና ላይ ናት እያልኩ እዋሻታለሁ። ውሸት እንደማልችልበት ታውቂያለሽ፤ ቶሎ ገላግዪኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤን ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። እሱን እደርስበታለሁ። አዲሱን ቤትሽን ስለማላውቀው በትምህርት ክፍልሽ በኩል ልኬዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው በልብ ወለድ ነው። የልብስ ፋብሪካው ማደሪያ ውስጥ አንድ ክፍል ለአራት እንደምንኖር ታውቂያለሽ፤ ኮሌታ ሰፊዋ እኔ፣ ጨርቅ ቆራጯ፣ ልብስ ተኳሿና የሸሚዝ ቁልፍ የምትተክለው ልጅ። አንቺን በሸኘሁ ሰሞን ቁልፍ ተካይዋ ከመንገድ መጽሐፍ ሻጭ አንድ የኮሌጅ ፍቅር ታሪክ ገዝታ መጣች። ጨለም ያለ ነገር ነው። አንዲት ተማሪ፣ ሦስት ወንዶች፤ ሦስቱም ይወዷታል፣ ሦስቱም ያስፈራሉ። ተራ መጠበቅ አቅቶን ልንጣላ ስንል ቆራጯ ምላጯን አውጥታ መጽሐፉን አራት ቦታ ከፈለችው። ዕጣ ተጣጣልን፤ ለእኔ የመጀመሪያው ክፍል ደረሰኝ። ሳቁብኝ፤ እዚያ ላይ ወንዶቹ ገና አልመጡማ። በኋላም ያንን ክፍል አምጪው ያለኝ ሰው አልነበረም።

በደረሰኝ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጅቷና ታላቅ እህቷ ናቸው። እህትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ካፖርት ሰፍታላት፣ ሻንጣዋን አስራላት፣ እሁድ እሁድ ደውዪልኝ ብላ ትሸኛታለች። የወንድ ወሬ የጠማቸው ጓደኞቼ ይህን ምን ያደርጉታል? እኔ ግን ሆዴ ባብቶ አለቀስኩ። ክፍሉ የሚያበቃው ልጅቷ ኮሌጁ በር ላይ ስትደርስ ነው። ሦስት ወጣቶች ሻንጣዋን ይቀበሏታል፤ አንዱ ሳቂታ፣ አንዱ የጌታ ልጅ፣ አንዱ ዝምተኛ። ዝምተኛው ሳትነግረው የመኝታ ክፍሏን ያውቃል። በዚያው እሁድ ደወልሽና ሦስት ልጆች ሻንጣሽን እንዳገዙሽ፣ አንዱም ሳትነግሪው ክፍልሽ ድረስ እየመራ እንዳደረሰሽ አወራሽኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ጓደኞቼ ልብስ ስናጥብ የየክፍላቸውን ይተርካሉ። ሁለተኛው የደረሳት ተኳሿ፣ ወንዶቹ ለልጅቷ አዲስ ስልክ እንደሰጧት ነገረችን። በሳምንቱ በአዲስ ቁጥር ደወልሽ፤ ስጦታ ነው አልሽ። ቁልፍ ተካይዋ ደግሞ ሦስተኛው ላይ ከመኝታ ክፍሏ አውጥተው እነሱ ቤት እንዳስገቧት፣ የምትበላውንም እነሱ እንደሚመርጡላት አወራችልን። መወደድ እንዲህ ነው ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ጥቂት ቆይቶ አንቺም ቤት ቀየርኩ አልሽኝ። ሥጋ መተውሽንም ነገርሽኝ፤ እነሱ አይስማማሽም ስላሉሽ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ከዚያ ወዲያ ጓደኞቼ መጽሐፉን ሲያነሱ ፍርሃት ይይዘኝ ጀመር። የሚያወሩት የሚመጣውን እሁድ ስልክሽን መሰለኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ስንነጋገር እንደ ወትሮው እታለም አላልሽኝም። ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ አልሽኝ። እኛ ቤት መቼ ተመሰጋግነን እናውቃለን? ቃሉን አጠገብሽ ካለ ሰው እየተቀበልሽ የምትናገሪ ይመስል ነበር።

ያለፈው እሁድ የመጨረሻውን ክፍል ከቆራጯ ተቀብዬ ልብስ ወደምናሰጣበት ጣራ ወጣሁ። ፀሐይ ነበር፤ ከታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። መጨረሻው ያማረ ነው። አንዱን ምረጪ የሚላት የለም፤ ከሦስቱም ጋር በትልቅ ቤት ደስ ብሏት ትኖራለች። እኔ ግን ገጹን ወደፊትም ወደኋላም እያገላበጥኩ እህቷን ፈለግኳት። ሞተች አይልም። ተኮራረፉ አይልም። እሁድ የሚደወል ስልክም የለም።

ወርጄ ቆራጯን ስለ እህትየዋ ጠየቅኳት።

«የምን እህት?» አለችኝ።

ተኳሿም ቁልፍ ተካይዋም ልጅቷ እህት እንዳላት አያውቁም። እነሱ እጅ ባሉት ሦስት ክፍሎች ውስጥ ስሟ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሳም። እህትየዋ ያለችው እኔ እጅ ባለው ክፍል ብቻ ነው።

ወዲያው ደወልኩልሽ። ያነሳው ወንድ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ አነጋገሩ የጨዋ ልጅ። ማን ልበል ሲለኝ እህቷ ነኝ አልኩት።

«እህት እንዳላት አልነገረችንም» አለኝ፤ ስልኩንም በቀስታ ዘጋው።

እታለምን ልብ ወለድ አዞራት ትዪ ይሆናል። ይሁን፣ ሞኝ ልባል። መወደድሽን አልጠላም፤ ሦስት አይደለም ሠላሳ ይውደዱሽ። የፈራሁት ሌላ ነው። ሳንጣላ፣ ሳትቀየሚኝ፣ እንዲሁ በደስታሽ መሀል እንዳልተወለድኩ ሆኜ እንዳልቀር ነው የፈራሁት።

ከአለቃዬ ፈቃድ ተቀብያለሁ። ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ መጥቼ ኮሌጁ በር ላይ እቆማለሁ። ብቻሽን ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ ከእነሱ ጋርም ቢሆን ግን ነይ። ሸኝተው ሊመልሱኝ ቢሞክሩ አንቺን በዓይኔ ሳላይ ንቅንቅ አልልም።

እማዬ ግንባርሽን ትስማለች። አጎታችን ጉልበቱ ተሽሎታል፣ በርቺ ብሎሻል። ሚስቱም ሰላም ብላሻለች፤ ሕፃኑ ጥርስ አውጥቶ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ተኳሿና ቁልፍ ተካይዋ ሳያውቁሽ ይናፍቁሻል። ቆራጯ ያንን መጽሐፍ በመቁረጧ ተጸጽታ መልሼ ልስፋው እያለች ነው። ለሦስቱ ልጆች ምን ዓይነት ሰላምታ እንደሚላክ አላውቅም። እህት አለችኝ በያቸው።

ታላቅ እህትሽ

ከሠራተኞች ማደሪያ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው አልጋ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን