ስለ «ዶክተር እኔን» ዕረፍትና ስለ ታላቅ እህታቸው

ለተቋማችን ሠራተኞች፣ ለቀድሞ ሠልጣኞቻችንና በጥናቶቻችን ለተሳተፋችሁ ሁሉ፤

የማኅበራዊ ግንኙነትና የስሜት ጤና ጥናት ክፍላችን መሥራችና ከፍተኛ ተመራማሪ የነበሩት፣ ሁላችንም «ዶክተር እኔን» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። በእንዲህ ዓይነት መግለጫ ላይ «ጥልቅ ሀዘን» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። እርሳቸው ግን ረቂቅ ሲያርሙ ይህን ቃል ባዩ ቁጥር «ስንት ክንድ ይጠልቃል?» እያሉ ይሰርዙት ስለነበር እኛም ትተነዋል። አዝነናል። በጣም አዝነናል።

ቅጽል ስማቸው የወጣው ከራሳቸው አፍ ነው። ደረጃ ላይ የተደናቀፈ፣ ሻይ ምላሱን ያቃጠለው፣ ጣቱን በር የያዘው ሰው ሲያዩ ከሁሉ ቀድመው «እኔን!» የሚሉት እርሳቸው ነበሩ። ከላይኛው ፎቅ ሆነው ታች አንድ ነገር ሲወድቅ ከሰሙም ማን እንደወደቀ ሳያጣሩ «እኔን!» ይሉ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የወደቀው ወንበር ነው። አንድ አዲስ ተቀጣሪ እውነተኛ ስማቸው መስሎት በስብሰባ ጥሪ ላይ «ለዶክተር እኔን» ብሎ ጻፈ። እርሳቸውም እስኪበቃቸው ከሳቁ በኋላ «ይሁን፣ ይኼኛው ይሻለኛል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ጸና።

ዶክተር እኔን እናትና አባታቸውን በልጅነታቸው አጥተዋል። ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው ናቸው። እኚህ እህት ልብስ ሰፊ ሲሆኑ ታናሽ እህታቸውን ከፊደል እስከ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት የስፌት መኪና እየረገጡ ነው። ዶክተር «እትዬ» ይሏቸው ስለነበር እኛም እትዬ እንላቸዋለን። ሁለቱም ትዳር ሳይመሠርቱ አንድ ቤት ኖረዋል። ዛሬ በዚያ ቤት የቀሩት እትዬ ብቻ ናቸው፤ ይህን መግለጫ የምናወጣበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው።

ዶክተር እኔን ሥራ የጀመሩት በሆስፒታል ነርስነት ነበር። በኋላም የሥነ ልቦና ትምህርታቸውን አጠናቀው ወደ ተቋማችን መጡ።

በመጡ በሦስተኛው ዓመት የተቋማችንን ትልቁን ጥናት መሩ። መጠይቁ በውጭ ቋንቋ የተዘጋጀ ነበር፤ ተርጓሚዎቻችንም «ማኅበራዊ ድጋፍ ያገኛሉ ወይ?» ብለው መለሱት። ቃሉ ትክክል ነው፣ መዝገበ ቃላትም ይመሰክራል። መልሱ ሲሰበሰብ ግን አብዛኛው ሰው «አላገኝም» ብሎ ተገኘ። ብቸኝነት አገር ምድሩን አጥለቅልቆታል ተባለ፤ ለጋዜጠኞች የሚሰጠው መግለጫ ተረቀቀ፣ አዳራሹም ተያዘ። ዶክተር ግን ነገሩ አልዋጥ ስላላቸው ያለ ረዳት ወጥተው መላሾቹን ቤት ለቤት መጎብኘት ያዙ።

አንዲት አራስ ቤት ሲደርሱ አንዷ ጎረቤት ጨርቅ ታጥባለች፣ ሌላዋ ሕፃኑን አቅፋለች፣ አማትየው ምድጃው ላይ ናቸው። አራሷ ግን «ኧረ ምን ድጋፍ አለኝና! ማመልከቻ ካስገባሁ ስንት ጊዜዬ፣ የሰጠኝ የለም» አለች። ጡረታ የወጡ አንድ ሾፌር ደግሞ በልጆችና በልጅ ልጆች ተከበው «የምን ድጋፍ? እግሬ ገና ደህና ነው የኔ ልጅ፣ ምርኩዝም አልያዝኩ» ብለው ተቆጡ። ለሕዝቡ ድጋፍ ማለት እርዳታ ነው፤ ካልሆነም ከቢሮ የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ እሱም ካልሆነ ዱላ ነው። የጎረቤትን እጅ ድጋፍ ብሎ የሚጠራ አንድም ሰው አልተገኘም።

ዶክተር እኔን በጥናቱ ላይ ስማቸው ከሁሉ በፊት የተጻፈ ሲሆን የማዕረግ ዕድገታቸውም በእርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሆኖም ጉብኝቱን በጨረሱ ማግስት የሥራ አመራር ስብሰባ ገብተው ጥናቱ እንዲሰረዝ ጠየቁ። «ሰዉ አልዋሸም፤ ምን እንደጠየቅን ያላወቅነው እኛ ነን» ማለታቸው በቃለ ጉባኤያችን ሰፍሯል። ዕድገቱም ቀረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ መጣ፤ ሲመጣም «እንኳን ደስ አለዎት» ስንላቸው «አርጅቶ ነው የመጣው» ብለው መለሱ።

በቀጣዩ ዓመት አዲሱ መጠይቅ ተዘጋጀ። «ሲከፋህ ማን ጋ ትሄዳለህ?» ይላል። «ሳትነግረው ፊትህን አይቶ የሚያውቅብህ ማን ነው?» ይላል። «አይዞህ የሚልህ ማን ነው?» ይላል። ያው ሕዝብ በዚህ ጊዜ «የቱን ጠርቼ የቱን ልተው!» እያለ ጠያቂዎቻችንን አስመሸ።

የዶክተር እኔን ትልቁ ሥራ ግን ከዚህ ይጀምራል። በአዲሱ መጠይቅም ቢሆን መልስ ያጡ ሰዎች ነበሩ። ጥያቄውን ሰምተው ፈገግ ይሉና «እኔማ አይዞህ የምለው ለሰው ነው» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ነርሶች ናቸው፣ አስታማሚዎች ናቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታናናሾቻቸውን ያሳደጉ ታላላቅ እህቶች ናቸው። ሁሉ የሚደገፍባቸው ሰዎች የሚደገፉበት የላቸውም፤ ብርቱ ስለሚመስሉም ማንም አይጠይቃቸውም። ዶክተር ይህን ሲያቀርቡ መሐል ላይ ወረቀቱን አስረክበው ንባቡን ሌላ ሰው እንደጨረሰላቸው በአዳራሹ የነበርን ሁሉ እናስታውሳለን። ማንን እያሰቡ እንደነበር መጠየቅ አላስፈለገንም።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ነርሶችን፣ መምህራንንና የስልክ ምክር ሰጪዎችን አሠልጥነዋል። «ቻለው»፣ «ከዚህ የባሰም አለ»፣ «አንተ እኮ ወንድ ነህ» የሚሉትን ማጽናኛዎች ከሥልጠናው በር ላይ ያስቀሯቸው ነበር። ትልቁ ፈተናቸው ካዘነ ሰው አጠገብ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ምንም ሳይናገሩ መቀመጥ ነው። ስንቱን አንደበተ ርቱዕ አፉን ሲበላው አይተናል! አብዛኞቻችን በመጀመሪያው ዙር ወድቀናል።

ምስጋናችን ብዙ ቢሆንም አንድ ቅሬታ አለን፤ እርሳቸውም ሐቅ ይወዱ ነበርና እንጽፈዋለን። ስሜትን ስለ መደበቅ ጉዳት ስንት ገጽ የጻፉ ሴት የራሳቸውን ሕመም እስከ መጨረሻው ደብቀውናል። «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ደህና፣ አንተስ እንዴት ነህ?» ብለው ወሬውን ያዞሩታል። የእትዬ ልጅ አይደሉ! ይህን እንኳ ከእርስዎ አልጠበቅንም ነበር ዶክተር።

በቀብሩ ዕለት ሰው ጎርፎ መጥቷል። እትዬ በር ላይ ቆመው የሚያለቅሰውን ሁሉ «አይዟችሁ ልጆቼ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» እያሉ ሲያጽናኑ፣ ውሃ ሲያቀርቡ፣ ላረጀ ሰው ወንበር ሲፈልጉ ዋሉ። አንዲት ባልደረባችን «እርስዎስ እትዬ?» ስትላቸው «እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ለምጄዋለሁ» አሏት። እንባ አላፈሰሱም። ይህ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ ያስተማሩን ዛሬ የሉም፤ ያወቅነውን እንዳላወቅን ሆነን ወደ ቢሮአችን ብንመለስ ግን ያስተማሩን ሁሉ ከንቱ ነው።

ስለዚህ የተቋሙ ሥራ አመራርና ሠራተኞች በአንድ ድምፅ የሚከተለውን ወስነዋል። በስማቸው ሐውልት አይሠራም፣ ጉባኤም አይጠራም። ጥናታቸው እንደሚያሳየው ሰው ለለቅሶ ይሰበሰባል፤ የተዋሱት ወንበር ሲመለስ ግን ሰውም አብሮ ይመለሳል፣ ሀዘኑም የሚከብደው ያኔ ነው። እኛ ከያኔ ጀምሮ በየሳምንቱ ተራ ገብተን እትዬ ቤት እንሄዳለን። የምትሄዱ ንግግር አታዘጋጁ። እትዬ ውሃ ላምጣ ብለው ሊነሱ ሲሉ ቀድማችሁ ተነሱ። ስለ እናንተ ችግር ሲጠይቋችሁ አትጀምሩላቸው፤ ከጀመራችሁ አለቀ፣ አጽናኟ እርሳቸው ሆኑ ማለት ነው።

በዚህ ቦታ ላይ ለቤተሰብ መጽናናትን መመኘት ወግ ነው። ለባልደረቦቻቸው፣ ለሠልጣኞቻቸውና ለሚያውቋቸው ሁሉ እንመኛለን። ለእርስዎ ግን እትዬ፣ ይህን አንልም። ዕድሜዎን ሙሉ ሲጸኑ ኖረዋል። እኛ ስንመጣ መጽናት የለብዎትም፤ ያልቅሱ።

የተቋሙ ሠራተኞች በሙሉ