በእነ ጋሽ ሸምሱ በኩል ያለው ግድግዳ

ወንዴ ዓለሜ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም። አንተ ካለህበት ክረምትም በጋም የለም ይላሉ። እኔ ግን ያላንተ ሰባተኛውን ክረምት ይዣለሁ፤ ነገ ሰባት ዓመትህ ነው። ዕድሜህን ሙሉ ፖስታ ቤት ቁጭ ብለህ የሰው ደብዳቤ በየሣጥኑ ስትለይ ኖረህ፣ ለራስህ የሣጥን ቁጥር ሳትተውልኝ ሄድክ። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው የት እንደምልከው ሳላውቅ ነው። «እማዬ፣ ጻፊውና ይውጣልሽ» ያለችኝ ሰብለ ናት። ልጃችን አስተማሪ ሆናለች። ስትመክረኝ ልክ እንዳንተ አንድ ቅንድቧን ታነሳለች።

የምነግርህ የቤታችንን ነገር ነው። ከውስጥ ያው ነው። ሬዲዮንህ ባለችበት አለች፣ ቁም ሣጥኑም ሲከፈት ይጮኻል። ውጪውን ግን ብታየው በሩን አልፈህ የምትሄድ ይመስለኛል። አራቱም ጎን በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል። አራት ጎን ለማልበስ አምስት ዓመት ፈጀብኝ። ለምን እንደፈጀ ስነግርህ አትቆጣኝ።

አንተ በሄድክ በመጀመሪያው ዓመት ቤቱን ቀና ብዬ አላየሁትም። ከገበያ ስመለስ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምገባው። በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ እኔና ሰብለ ምሳ ላይ ሳለን ከደጅ ከባድ ጆንያ የተጣለ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ስንወጣ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ምርጊት ከመስኮቱ እስከ በሩ ድረስ ወርዶ መሬት ላይ ተቆልሏል። እንጨቱና ማገሩ እንደ ከሲታ ሰው ጎድን ተቆጥሮ ይታያል። ያን ቀን ያለቀስኩትን ቀብርህ ላይ አላለቀስኩም። ያን ጭቃ የመረግነው እኔና አንተ ነበርን።

ሰብለ በሆዴ ነበረች። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተን፣ እስኪብላላ ቀናት አቆይተን፣ አንተ ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ሰብስበህ ገባህበት። «ተው፣ የቢሮ ሱሪህ ነው!» ስልህ «ሌላ አለኝ» ብለህ ሳትጨርስ አዳለጠህና መሀሉ ላይ ቁጭ አልክ። ከወዲያ ሆና ታይ የነበረችው ጎረቤታችን ሩቂያ ሳቋን መያዝ አቅቷት ቋሚ እንጨቱን ተደገፈች። ባሏ ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጭቃ አቀበለህ። ምጤ የመጣ ቀንም ታክሲ ፍለጋ እየሮጠ የወጣው እሱ ነው። ያን ጊዜ በነሱና በኛ መካከል የቤታችን አንደኛው ጎን ግድግዳ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ቤት ለመደገፍ እንጂ ለመለየት የቆመ አልነበረም።

ሰብለ እንሽጠው አለች። ለቡ በኩል፣ ድሮ ጤፍ ይዘራበት በነበረው መስክ ላይ ማኅበር ተቋቁሞ አዲስ ቤት እየተሠራ ነው፤ የሥራ ጓደኞቿ ተመዝግበዋል። «ይሄ የጭቃ ቤት ላያችን ላይ እስኪወድቅ ነው የምንጠብቀው?» ብላ ጮኸችብኝ። ወዲያው ደነገጠችና አቀፈችኝ። እኔ ግን አንተ የወጣህበትን በር ለሌላ ሰው መስጠት አልቻልኩም። ጡረታህ ቤቱን ባንዴ እንደማያሳድሰው አውቃለሁ። ስለዚህ በየበጋው አንድ ጎን፣ አንድ ጎን እያልን እንጨርሰዋለን አልኳት።

ግንበኛው ደበላ ይባላል። ቁጥብ ሰው ነው። መጀመሪያ የመጣ ቀን ቤቱን እየዞረ በጣቱ አጥንት ግድግዳውን ያንኳኳል፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ሐኪም ነው የሚመስለው። ሲጨርስ «እትዬ፣ ይሄ ቤት አልታመመም፤ ልብሱ ነው ያለቀበት» አለኝ። በዚያች ቃሉ ወደድኩት። የላላውን ጭቃ ፍቆ አወረደ፣ የሽቦ መረብ በሚስማር መታበት፣ ሥሩን በድንጋይ ገነባ፣ ከዚያ ሲሚንቶውን አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ እያለ አለበሰው። በመጀመሪያው በጋ ፊት ለፊቱ አለቀ። በሁለተኛው የማዕድ ቤቱ ጎን። በሦስተኛው የጓሮው ሲሆን፣ እዚያ አንዱ ቋሚ እንጨት ከሥሩ በስብሶ ተገኘ። ደበላ ጣሪያውን በባሕር ዛፍ ደግፎ የበሰበሰውን አውጥቶ አዲሱን እስኪያስገባ እኔና ሰብለ እጅ ለእጅ ተያይዘን ግቢው መሀል ቆምን። ቆርቆሮው አንድ ጊዜ ብቻ ጓ አለ፤ ከዚያ ጸጥ። «አለቀ» አለን ደበላ፣ ላቡን እየጠረገ።

አራተኛው በጋ ሲመጣ ገንዘብ የለኝም አልኩ። ውሸቴን ነው። ገንዘቡ ነበረኝ። የቀረው በእነ ጋሽ ሸምሱ በኩል ያለው ጎን ነበር፤ ያ ግድግዳ ራሱ ድንበር ስለሆነ በነሱ ግቢ ካልተገባ በቀር እጅ አይደርስበትም። ለመግባት ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ነገሩን ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ግን እኔ እንዴት እንደማስታውሰው ስማኝ። የጣሪያችን ውኃ በሙሉ የሚወርደው ወደነሱ ግቢ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ደጃፋቸው ኩሬ ይሆናል። ጋሽ ሸምሱ ሁለት ጊዜ በትሕትና አሸንዳ አሠራ ብሎ ለመነህ። አንተም «እሺ» አልክ፤ ረሳኸው። ሦስተኛውን ግን እድር ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ተናገረህ። ፊትህ ሲለዋወጥ አየሁ። «ዝናቡ የእግዜር ነው፤ ከከፋው ለእግዜር ይንገረው!» ብለህ ተነስተህ ወጣህ። አምስት ዓመት ሳትነጋገሩ ሞትክ። እኔም ካንተ ላለመለየት ብዬ ከሩቂያ ጋር ሰላምታ አቆምኩ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ነጠላዬን ሳብ አደርጋለሁ፤ እሷም ዘንቢሏን ታያለች።

ካንተ የደበቅኩህ አንድ ነገር አለ። ለቀብርህ ጋሽ ሸምሱ መጥቶ ነበር። ድንኳን ውስጥ ገብቶ እጁን ዘረጋልኝ። እኔ እንዳላየ ሰው ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። እጁ ተዘርግቶ ትንሽ ቆየና ተመለሰ። ያኔ ላንተ ያደላሁ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ስተኛም ስነሳም ያ እጅ ይታየኝ ጀመር።

አንድ በጋ ሙሉ እንዲያ አለፈ። ባለፈው ጥር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ በራቸው ሄድኩ። ላንኳኳ እጄን አነሳሁና ተመለስኩ። ደግሞ ሄድኩ፤ ተመለስኩ። ሦስተኛ ስሄድ በሩ ራሱ ተከፈተ። ሩቂያ ናት። አርጅታለች፣ ወንዴ። «ጥሩዬ» አለችኝ፣ «እግርሽን በበሩ ሥር ሳየው ቆይቻለሁ። አሁን ብትመለሺ መጥቼ ልጎትትሽ ነበር።»  በሩ ላይ ቆመን ተላቀስን።

ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሊሄድ ኮቱን እየለበሰ ነበር። ሲያየኝ እጁ እጅጌው ውስጥ ቀረ። «ይግቡ» አለኝ። ድሮ አንቺ ይለኝ የነበረ ሰው አንቱ ሲለኝ ከስድብ በላይ ወጋኝ። የመጣሁበትን ነገርኩት፤ ግንበኛ እንደሚመጣ፣ በነሱ ግቢ መግባት እንደሚያስፈልገው። ሰማኝና «መጀመሪያ ይዩት» ብሎ ወደ ግድግዳው ወሰደኝ።

እኔ የጠበቅኩት የፈራረሰ ነገር ነበር። ያ ሁሉ ውኃ የሚወርድበት ጎን ነዋ! ግን ግድግዳው ደህና ነበር። ከሌሎቹ ሦስቱ ይልቅ ደህና። እላዩ ላይ ቀይ ጭቃ፣ ጥቁር ጭቃ፣ ግራጫ ጭቃ እየተለጠፈ በላይ በላዩ ተጠግኗል። ሥሩ ውኃው እንዳይፈነጥቅበት አሮጌ ቆርቆሮ ተደግፎለታል።

«ማነው የጠገነው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለ፣ እንደ መቆጣት ብሎ። «ምን ላድርግ ታዲያ? ቢወድቅ የሚወድቀው ልጆች የሚጫወቱበት ላይ ነው። ዝናቡ አይሰማ፣ ወንድወሰን አይሰማ።»

ሩቂያ ከኋላችን «በየዓመቱ መስከረም ላይ ነው የሚለጥፈው» አለች። «ወንድወሰን ካረፈ በኋላም አላቋረጠም።»

ያኔ ትዝ አለኝ። መስከረም በጠባ ቁጥር፣ እሁድ ጠዋት፣ ከአልጋችን ራስጌ ወዲያ የሚፋቅ ድምፅ ይሰማን አልነበር? «ምንድነው?» ስልህ «አይጥ ነው፣ ተኚ» ትለኝ ነበር። ወንዴ፣ በመስከረም ብቻ፣ በእሁድ ብቻ የሚመጣ አይጥ አለ? ታውቅ ነበር አይደል? አውቀህ እዚያው ተኝተህ ታዳምጠው ነበር? ከሆነ እንዴት ከብዶህ ይሆን! ተነስቶ አንድ ቃል መናገር አቅቶህ፣ ያኮረፍከው ሰው ቤትህን ሲያቆምልህ መስማት። አልፈርድብህም። እኔም እኮ እጁን አልጨበጥኩም።

ስላንተ ሰበብ ልሰጥ አፌን ከፈትኩ፤ ውሸት አልወጣ አለኝ። «ጥፋቱ የኛ ነበር። አሸንዳውን ማሠራት ነበረብን። የቀብሩ ዕለት ደግሞ እጅህን አይቼዋለሁ፤ አውቄ ነው የተውኩህ» አልኩት። አንተን አሳልፌ የሰጠሁ መሰለኝ።

ጋሽ ሸምሱ ጎንበስ ብሎ ያዘመመውን ቆርቆሮ አቃና። «እኔም ሰው ፊት መናገር አልነበረብኝም» አለ። «ለብቻው ብነግረው ያሠራው ነበር። ኩሩ መሆኑን አውቃለሁ። አውቄ ነው የነካሁት።» ከዚያ ኮቱን አወለቀና «በይ ነይ፣ ቁርስ ሳትበዪ አትሄጂም» አለኝ። አንቺ አለኝ፣ ወንዴ።

ደበላን መጀመሪያ አሸንዳውን ስቀል፣ ልስኑ ይደርሳል አልኩት። ውኃው አሁን በኛ ግቢ በኩል ዞሮ ወደ መንገዱ ቦይ ይወርዳል። ልስኑ ላይ ሳለ ምሳውን የምታቀርብለት ሩቂያ ነበረች፤ አላስነካም አለችኝ። ቀለሙ ሲመጣ ደግሞ ያን ጎን ቀን ከቀን የምታየው እሷ ስለሆነች ምረጪ አልኳት። አረንጓዴ መረጠች። አሁን ቤታችን በሦስት ጎን ክሬም፣ በአንድ ጎን አረንጓዴ ነው። ሰብለ ስታየው ራሷን ያዘች። አንተ ብታየው ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ለወረቀት አይመችም።

ነገ ካህናቱ ከገብርኤል ይመጣሉ። ድንኳኑ ዛሬ ተተክሏል። ለነሩቂያና ለእስላም ጎረቤቶቻችን የሚሆነውን በግ ጋሽ ሸምሱ ራሱ ያርደዋል፤ ጠዋት ቢላውን ሲስል ሰምቼዋለሁ። ድንኳኑ ውስጥ በስተግራ፣ ቤተ ዘመድ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቦታ አዘጋጅቼለታለሁ።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉ ብቻ ይነሳል። ነገም እንዲሁ ይሆናል፤ ስላንተም እንደ ቅዱስ ይወራል። እኔ ግን ቤቱን ለሰንኩት እንጂ አንተን አልለስንህም። ደሞዝ የተቀበለ ዕለት ብርቱካን ልጦ የመጀመሪያዋን ፍሬ ለኔ የሚሰጠውን ሰውዬ አልረሳም። አንዴ ካኮረፈ መመለሻው የሚጠፋውን ሰውዬም አልረሳም። ሁለቱም የኔ ናቸው። አብሬያቸው ኖሬያለሁ፤ እስክንገናኝ ድረስ አንዳቸውንም ጥዬ ሌላውን አላነሳም።

ያንተው
ጥሩወርቅ