በሦስት በርሜል ያለፈ ውሃ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ከነሸራሽና ከነብሩሽሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የማንም እጅ ሳይነካው ብቻዬን ጻፍኩት። እሺ፣ «ለምወድሽ» የሚለውን የማታ ትምህርት ቤት መምህሬ አርማልኛለች። የቀረው ግን የወንድምሽ እጅ ነው፤ ፍሬም አስገብተሽ ስቀይው።

የቀለም መሥሪያችን ወሬ ይኸውልሽ። ከአካባቢ ጥበቃ የመጣች ተቆጣጣሪ፣ እጣቢያችሁ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ በሩን አሽገዋለሁ አለችን። እውነቷን ነው፤ ወንዙ ሰኞ ቢጫ፣ ማክሰኞ ቀይ ሆኖ ሲወርድ እኛ እንኮራበት ነበር። እንደ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ማጣሪያ የምንገዛበት አቅም ስለሌለን፣ እኔና አባዬ ሦስት በርሜል ደራርበን አሸዋና ከሰል ሞላንበት። ውሃው ኩልል ብሎ ወጣ። ተቆጣጣሪዋም አንድ ብርጭቆ ጭልጥ አድርጋ «እጃችሁ ይባረክ» አለች።

አባዬ ደህና ነው። ብቻ ሰሞኑን ቢጫው እንዴት እንደሚቀመም በደብተርህ ካልጻፍክልኝ እያለ ያስቸግረኛል፤ ያንን ዕድሜውን ሙሉ ለማንም ያልተነፈሰውን። አንቺም ቢጫ ካስፈለገሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ንገሪኝ። በዛ አድርገሽ እዘዢ፣ እትዬ።

እንግዲህ ጣትሽን ቀለም አይለየው፤ አባዬም ግንባርሽን ስሞሻል።

ዋሽቼሽ ከምሰናበት ግን ልናዘዝ። ያን ብርጭቆ የጠጣሁት እኔ ነኝ። ተቆጣጣሪዋማ «ወንድሜ፣ ውሃ የሚመረመረው በላቦራቶሪ እንጂ በሆድ አይደለም» ብላኝ በጠርሙስ ቀድታ ሄደች። ሆዴ እስካሁን ዝም ብሏል። ላቦራቶሪውም «ውጤቱ በወሩ መጨረሻ» ብሎ ዝም ብሏል።

ወንድምሽ