«ሰው ገባ?»፦ አቶ ጌታነህ ሀብተወልድ ከሐረር እስከ ሐርጌሳ (1949–2018 ዓ.ም.)

አቶ ጌታነህ ሀብተወልድ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተወልድ ደምሴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ለተማርያም ወርቁ በ1949 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ተወለዱ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚሁ ተምረው የአባታቸውን የአናጢነት ሙያ ያዙ። በተፈጥሯቸው ሥጉ ነበሩ። የገጠሙትን በር አስረክበው ቤታቸው ከደረሱ በኋላ፣ «እንዳይጣበቅ» ብለው እንደገና ለመፈተሽ የጀጎል ግንብ መግቢያ እስከሆነው ኤረር በር ድረስ ይመለሱ እንደነበር ባለቤታቸው ወ/ሮ የሺ እየሳቁ ያወራሉ። በ1975 ዓ.ም. ተጋብተው ዮዲትንና ታደሰን ወልደዋል።

ከጀጎሉ ግንበኛ ከአቶ አንዋር ዘከሪያ ጋር በ1984 ዓ.ም. ሽርክና ገቡ። በመጀመሪያ የጀጎልን አሮጌ ቤቶች ያድሱ ነበር፤ በኋላም ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ ውስጥ ቤት እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። ነጋዴው ሁሉ ስለ ሐርጌሳ ማደግ ሲያወራ፣ በ2013 ዓ.ም. ያላቸውን ሁሉ ይዘው ድንበር ተሻገሩና እዚያ የመኖሪያ ቤቶች ሠሩ። ወ/ሮ የሺ «የራሳችንን አገር መቼ ጨረስን?» ብለው ነበር። አቶ ጌታነህም ልባቸው ፈርቶ ነበር፤ ግን ሄዱ።

እዚያም የሐረር ሰው ብቻ የሚሳሳተውን ስሕተት ተሳሳቱ። በየሳሎኑ እንደ ሐረር ቤት ከፍና ዝቅ ያለ የድንጋይ መደብ አስገነቡ፤ የሽማግሌው፣ የባለቤቱና የእንግዳው ቦታ የተለየ ነበር። ገዢዎች መጡ፣ አደነቁ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። ቤቶቹ ባዶአቸውን ከረሙ።

ምክንያቱን የነገሯቸው የአቶ አንዋር ባለቤት ወ/ሮ ዘምዘም ናቸው። ከጀጎሉ ገበያ ከጊደር መጋላ ቅመም ይዘው ሐርጌሳ ስለሚመላለሱ የሰዉን ኑሮ ያውቁታል። «ወላሂ ቤቱ ያምራል፤ ግን ሰዎቹ ምንጣፋቸውን በፈለጉት በኩል አንጥፈው መቀመጥ ነው የለመዱት። እናንተ ገና ሳይገቡ የት እንደሚቀመጡ ወሰናችሁላቸው» አሏቸው። አቶ ጌታነህ አኮረፉ። ሰንብተው ግን መደቡን ሁሉ አስፈረሱ። ሲፈርስ ማየት አቅቷቸው ጀርባቸውን ሰጥተው መንገድ ላይ ቆመው ነበር።

መደቡ ከፈረሰ በኋላም ቶሎ የመጣ ሰው አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. የልብ ሕመም ጠንቶባቸው ወደ ሐረር ተመለሱ። ሐኪሙ ጨውና ጭንቀት ከለከላቸው፤ ጨዉን ተዉ። አቶ አንዋር ከሐርጌሳ በደወሉ ቁጥር አቶ ጌታነህ ከሰላምታ በፊት «ሰው ገባ?» ይሉ ነበር። አቶ አንዋርም «አልሐምዱሊላህ እኛ ደህና ነን፤ ኢንሻአላህ ይገባል» ይሏቸዋል። የእጃቸው ሥራ ሰው ሳይኖርበት እሳቸው በሞት እንዳይቀድሙ እጅግ ይፈሩ ነበር፤ እኛም ፈርተን ነበር።

ባለፈው ኅዳር ስልኩ ሲደወል ከአቶ አንዋር ድምፅ በፊት የሕፃናት ጩኸት ተሰማ። አቶ ዑመር የሚባሉ መምህር ከነቤተሰባቸው ገብተው ነበር። አቶ አንዋር ልጆቹን ዝም ሊያሰኙ ሲሞክሩ አቶ ጌታነህ ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ «ኧረ ተዋቸው አንዋር! ዝም አታሰኛቸው፤ ልስማ!» አሉ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። በዚያች ዕለት ሌላ ምንም አልጠየቁም።

አቶ ጌታነህ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ የሺን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እንደ ወንድም የሚያዩዋቸውን አቶ አንዋርን ትተዋል። ታመው ሳሉ ሊጠይቋቸው ከሐርጌሳ የመጡት አቶ ዑመርና ቤተሰባቸውም ዛሬ ከእኛው ጋር እዚህ ቆመዋል።

የአቶ ዑመር ልጆችም አብረዋቸው ናቸው። ጸሎቱ ሲረዝምባቸው ቢንጫጩ፣ እባካችሁ ማንም ዝም አያሰኛቸው። እግዚአብሔር የአቶ ጌታነህን ነፍስ ሥጋት ከሌለበት ቤቱ ያስገባልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።