ዊልፍ የታመመ ጊዜ የተቃጠለው ምሰሶ

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

አባባ ሰማንያ አራት ዓመት ሞላው። ሌላው በልደቱ መጠጥ ቤት ይሄዳል፤ የኔ አባት በየዓመቱ ቲኬት ቆርጦ የተወለደበትን ቤት ይጎበኛል። ያኔ አራት ደሃ ቤተሰብ የተከራየው የእንጨትና የጭቃ ቤት ነበር፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። ወንበሮቹ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ደረቅ ኮሸሽላ አስቀምጠዋል። ባደገበት ቤት እግሩ እስኪያብጥ ቆመ።

ፎቅ ላይ አስጎብኚዋ ሚስስ ፔንፎልድ ምሰሶውን አሳየች። "ቀና በሉ። እነዚህ የጧፍ ጠባሳዎች አምስት መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። ጠንቋይ እንዳይገባ ሆን ብለው ያቃጠሉት ነው።"

ሁሉም አንጋጠጠ። አባባም።

መኪና ውስጥ ነው የነገረኝ።

"እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። በስምንት ዓመቴ፣ ወንበር ላይ ቆሜ። ዊልፍ ሲታመም... አያቴ እሳት የቀመሰ ቤት ሞት አይደፍረውም ትል ነበር።"

ዊልፍ ታናሽ ወንድሙ ነው። በሳምንቱ ሞተ። እስከ ዛሬ ይህን ሳልሰማ?

"ታዲያ ለአስጎብኚዋ ለምን አልነገርካትም?"

"ምን ሊረባት? ተይው።"

ተይው... ይህች ቃል ታበግነኛለች። ሴትዮዋ ደግሞ አምስት መቶ ዓመት ትላለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ኤፕሪል 8

መተው አልቻልኩም። ለሙዚየሙ ጻፍኩ። ለአባባ አልነገርኩትም።

ኤፕሪል 24

መልስ የለም። ደወልኩ። ሚስስ ፔንፎልድ፣ "የኔ እመቤት፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ እዚህ ቤት አንድ ነገር አድርጌያለሁ ይላል" አለችኝ። አባቴን ውሸታም ማለቷ አይደል? ደሜ ፈላ። ስልኩን ዘጋሁባት፣ ከዚያ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከፊተኛው የከፋ።

ሜይ 9

ባለሙያ ከኖሪች ከተማ አስመጥተው ምሰሶውን አሳዩት። ጠባሳው በአያቶቻችን ዘመን የተቀባውን ጥቁር ቀለም በልቶ ነው የገባው፤ ከቀለሙ በኋላ የመጣ ነው ማለት ነው። አባባ እውነቱን ነው። በጽሑፍ አመኑ። እሰይ።

ሜይ 17፣ ቅዳሜ

አባባን ላስደንቀው ብዬ ይዤው ሄድኩ። ምሰሶው ሥር ስለ ጠባሳው ተለጥፎ የነበረው ጽሑፍ ተነቅሏል። ሚስስ ፔንፎልድ ጎብኚዎቹን እየመራች ምሰሶውን አልፋ ስለ ምድጃው ማውራት ጀመረች። አንድም ሰው ቀና አላለም።

"ጠባሳውስ?" አልኳት።

"ጥንታዊ ስላልሆነ ከጉብኝቱ አወጣነው። ስለ ጥቆማዎ እናመሰግናለን።"

አባባ ዞሮ አየኝ። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ምነው ደብዳቤውን ስጽፍ እጄን በቆረጠው። አልተቆጣኝም... ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"በየዓመቱ የምመጣው ለዚያች ደቂቃ ነበር" አለ። "ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ወደ ዊልፍ ሲያይ።"

ደረጃውን ቀስ ብሎ ወረደ። ለመጪው ልደቱ የት እንደምወስደው አላውቅም።