ቄስ ገብረ ሊባኖስ ካሤ፦ ሕይወታቸው፣ ሕመማቸውና የመጨረሻው ጾማቸው

ቄስ ገብረ ሊባኖስ ካሤ ከአባታቸው ከአቶ ካሤ ምሳውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደጅይጥኑ ምንዋጋው፣ በደሃና ወረዳ ከአምደወርቅ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚሆን መንደር በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ወንዶቹ ልጆች ሁለት ነበሩ። አባታቸው ታላቁን ለቤተ ክርስቲያን፣ ታናሹን ለእርሻ ስለመደቡ፣ ቄስ ገብረ ሊባኖስ በሰባት ዓመታቸው የኔታ ዘንድ ገብተው ፊደል፣ ዳዊትና ቅዳሴ ተምረዋል። ታናሽ ወንድማቸው ተስፋው ስንቅ አመላላሽ ነበር። ይህንንም የሚጽፈው ያኔ በደጅ ቆሞ በለቀመው ፊደል ነው።

በ1957 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ጋር በቁርባን ተጋብተው ሁለት ልጆች አፈሩ። በተጋቡበት ዓመትም ቅስና ተቀበሉ። በ1985 ዓ.ም. ወደ ሰቆጣ ተዛውረው እስከታመሙ ድረስ ቀድሰዋል፤ አማርኛ የማይቀናቸውን ሽማግሌዎችም በኽምጣኛ ያናዝዙ ነበር። በጾም የታመመ ሰው ሲገጥማቸው «እግዜር የጠየቀህ ጾም እንጂ ሬሳ አይደለም፤ ጠጣ» እያሉ በመፍቀድ ይታወቃሉ። ለዘመድ ግን እንዲህ አልነበሩም። በ1989 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ወደ ቆላው ዝቋላ ወረዳ ወርዶ ወባ ይዞት ተመልሶ በጾም ውሃ ቢጠጣ «አንተማ ሰበብ አግኝተህ ነው» ብለው በሰው ፊት አሳፍረውታል። ይህ እንዲታወቅ ያህል ነው።

በ2000 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጎናቸውን ያማቸው ጀመር፤ ሽንታቸው ቀነሰ፣ ሰውነታቸውም አበጠ። ልጃቸው አቶ ሙሉሰው አዲስ አበባ ወስደው ሲያስመረምሯቸው የሁለቱንም ኩላሊት የሽንት መውረጃ ጠጠር ዘግቶት ተገኘ። ሐኪሙ ሆዳቸውን ሳይከፍቱ፣ በአልትራሳውንድና በራጅ እያዩ በጀርባቸው በመርፌ ገብተው በየኩላሊቱ ቀጭን ቱቦ አኖሩ። ሽንቱ በቱቦው ወደ ከረጢት ይወርድ ጀመር፤ እብጠቱም በሳምንት ጎደለ። ጠጠሩ ኋላ እንዲወጣ፣ ቱቦው በሦስት ወር እንዲቀየር፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ እንዲጠጡ ታዘዘ። ይህ ሲነገር አብሮ የሄደው ወንድማቸው በሙሉሰው «አጎቴ፣ እርስዎ ውጭ ይቆዩ» ተብሎ ነበር፤ በሩ ክፍት ስለነበር ግን ሰምቷል።

ሰቆጣ ከተመለሱ በኋላ ከረጢቱን ጧት ማታ የሚያፈስሰው፣ ፋሻውን የሚለውጠው ወንድማቸው ነበር። ቱቦ ተክለው መቅደስ መግባት ስለማይሆን ከረጢታቸውን በጋቢ ሸፍነው ከምእመናን ጋር ደጅ ቆመው ያስቀድሱ ነበር። ከሕመሙ ይልቅ ይህ ከበዳቸው።

የካቲት 24 ቀን ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አልቀምስም አሉ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ወልደ ጻድቅ ቤታቸው ድረስ መጥተው «አንተ ሰውዬ፣ ለአገሩ ሁሉ ስትፈቅድ ኖረህ፣ እኔ ስፈቅድልህ ምነው አንገትህን አደነደንክ?» ቢሏቸው፣ «አባ፣ መቅደሱ ቀረብኝ፤ ጾሙም ከቀረ ምን ቄስነት ተረፈኝ?» ብለው መለሱ። በከረጢቱ የሚወርደው ሽንት እያነሰ፣ እየጠቆረ ሄደ፤ አሸዋም ይታይበት ጀመር። መጋቢት 19 ቀን የቀኙ ቱቦ ፈጽሞ ቆመ፤ ያንቀጠቅጣቸውም ጀመር።

በማግሥቱ ወንድማቸውን ብቻ አስጠርተው «ተስፋው፣ አጠጣኝ። ልጆቹ እንዳያዩ በሩን ዝጋው» አሉት። በሩን ዘግቶ በጣሳ አጠጣቸው፤ አምስት ቀን ጧት ጧት እንዲሁ አደረገ። ግን ዘግይቶ ነበር። ቱቦው ሰቆጣ ላይ ታጥቦ አልከፈት አለ፤ አዲስ አበባ ሊወሰዱ ሲሰናዱ ሕመሙ ወደ ደማቸው ገብቶ፣ መጋቢት 25 ቀን 2000 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ዐረፉ።

በድንኳኑ «ወንድሙ ውሃ ነሥቶ ገደለው» የሚሉ አሉ። ወንድማቸው ደብቅ ስለተባለ ደብቆ ነበር፤ ስሙ በከንቱ ስለጠፋ ግን ይነገር። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ጠጥተዋል፤ ያጠጣቸውም እሱ ነው። ለታመመ ሰው መጠጣት ኃጢአት እንዳይደለ አገሩን ያስተማሩት እሳቸው ናቸውና የሚያሳፍራቸው ነገር የለም።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ሙሉሰውን፣ ዓረብ አገር ሆና ለቀብር ያልደረሰችውን ማስተዋልን፣ አራት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። በመስቀል ላይ ሆኖ «ተጠማሁ» ያለው ጌታ የጠጧትን ውሃ አይቁጠርባቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጅ አስገብቶ ከካህናቱ ጋር በመቅደሱ ያቁማት። አሜን።